ለግብር የሚገኝ፣ ለአምቡላንስ የሚጠፋ ቤት

«የት ጋ ናችሁ?»

«እንጦጦ ማርያም።»

«እንጦጦ ማርያም የት ጋ?»

«ቤተ ክርስቲያኑን አለፍ ብሎ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ።»

«በየት በኩል ነው ገባ የሚባለው?»

«በባሕር ዛፉ በኩል።»

እንጦጦ ላይ ቆሞ «በባሕር ዛፉ በኩል» ማለት ሐይቅ ውስጥ ሆኖ «ውኃው ጋ ነኝ» እንደ ማለት ነው። ይህን መልስ የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ «ማን? የት? መቼ?» እያልኩ ሰው በመጠየቅ እንጀራዬን የምበላ ጋዜጠኛ። ባለፈው ክረምት ነው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ። ጭጋጉ ከእኛ በር የጎረቤትን አጥር አያሳይም። በሰፈሩ ሁሉ «እማማ» የምንላቸው እናት አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ግራ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው ወድቀዋል። ልጃቸው በራችንን ሲደበድብ ነቃሁ፤ ደወልኩ። ስልኩ ቶሎ ተነሣ። አምቡላንስ ነበር። ሾፌሩም ሳይውል ሳያድር ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ በኋላ 55 ደቂቃ አለፈ።

በእነዚያ 55 ደቂቃዎች ውስጥ ማንም አልተኛም፣ ማንም አልለገመም። መጀመሪያ አምቡላንሱ የሄደው ወደ እንጦጦ ፓርክ በር ነው፤ ፓርኩ መስከረም 30 ቀን 2013 ከተመረቀ ወዲህ «እንጦጦ» ሲባል ለብዙ ሾፌር የሚታየው እሱ ነውና። ቀጥሎ የእማማ ልጅ በራሱ ስልክ ደውሎ «ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ» አለ፤ መልእክቱ ሾፌሩ ጋ ሲደርስ «ሽሮ ሜዳ» ብቻ ሆኖ ደረሰ፤ መኪናው ቁልቁል ወረደ። ከዚያ ሌላ ጎረቤት ለመርዳት ብሎ በሦስተኛ ስልክ ደወለና «ማርያም ጋ አንዲት ሴት ወድቀዋል» አለ። ስልክ ተቀባይዋ ሌላ ታማሚ መሰላት፤ የትኛዋ ማርያም እንደሆነችም መጠየቅ ነበረባት። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ማርያም እንዳለች እናንተ ቁጠሩ። በመጨረሻ እኔ በጭቃው እየተንሸራተትኩ አስፋልቱ ድረስ ሮጬ፣ የስልኬን መብራት እያወዛወዝኩ መሐል መንገድ ላይ ቆምኩ። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ በዚህ በር በኩል ሦስቴ አልፌያለሁ እኮ» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

እማማ ተርፈዋል። ግራ እጃቸው ግን አልተመለሰም። ያከማቸው ሐኪም «ቶሎ ብትመጡ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ስትሮክ በደቂቃ የሚቆጠር በሽታ ነው፤ ደም ያጣ የአንጎል ክፍል ማንም መንገድ እስኪያገኝ ድረስ አይጠብቅም።

የደወልኩት ለማን እንደነበረ አልናገርም፤ ክሴ በእነሱ ላይ አይደለም። ክሴ በሁለት ወገን ላይ ነው። አንደኛው ቤታችንን ለግብርና ለመታወቂያ ሲሆን ጥንቅቅ አድርጎ የሚያውቀው፣ ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና ሲሆን ግን የሚጠፋበት አስተዳደር ነው። ሁለተኛው እኛው ነን።

በቅድሚያ የተለመደውን መልስ ላንሣው። «ችግሩ አድራሻ ሳይሆን የአምቡላንስ እጥረት ነው» የሚል አለ። እጥረቱን አልክድም። ነገር ግን አስቡት፤ አንድ አምቡላንስ አንዲትን እናት ፍለጋ 55 ደቂቃ ከዞረ፣ በዚያ ሰዓት ለሌላው ሰው ያ አምቡላንስ የለም ማለት ነው። አድራሻ የሌላት ከተማ አሥር አምቡላንስ ብትገዛ በአምስት ነው የምትሠራው። ርቀትም ሰበብ አይሆንም። ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል እዚሁ ከእኛ ግርጌ ነው፣ የካቲት 12 ስድስት ኪሎ ነው፣ ጳውሎስም በዚሁ በጉለሌ ነው። ሆስፒታል እንደ ጉለሌ የቀረበው ሰው በከተማው ውስጥ ብዙ አይገኝም። ያጣነው የመጨረሻዋን 300 ሜትር ነው።

ቁጥር የለንም እንዳንል ደግሞ አለን። ሐምሌ 1967 ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ ቀበሌን ወለደ፤ ቀበሌም ቤቶቻችንን ቆጠረ። ኪራይ ለመሰብሰብ፣ ስኳር ለማደል፣ በየቤቱ ማን እንደሚያድር ለማወቅ ነበር። ያን ጊዜ ቁጥሩን ሲለጥፍ ስለ አምቡላንስ ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ያኔ 25 ከፍተኛና 284 ቀበሌ ነበራት። ከዚያ ከፍተኛው ቀረ፣ ወረዳ መጣ፤ ክፍለ ከተማ ተቋቋመ፣ ቀበሌዎች ተዋሐዱ፤ በመጨረሻም ቀበሌው ራሱ ወረዳ ተባለ። ማኅተሙ በተቀየረ ቁጥር በራችን ላይ ያለችው ቆርቆሮ ባለችበት ዛገች። ዛሬ አያት «ከፍተኛ» ይላሉ፣ አባት «ቀበሌ» ይላል፣ ልጅ «ወረዳ» ይላል። አንድ ጣራ ሥር ሦስት ትውልድ በሦስት አድራሻ ይኖራል።

ቁጥሮቹ ተከታትለው ቢሄዱ እንኳ አንድ ነገር ነበር። በእኛ መንደር 412 ቁጥር ጎን ያለው ቤት 87 ነው፤ ከ87 ቀጥሎ ደግሞ ቁጥር የሌለው አለ። ግቢው ለልጆች ሲከፋፈል ቁጥሩም እንደ ርስት ይከፋፈላል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «አዲስ» የሚባለው ነው። መታወቂያችሁን አውጡና እዩት፤ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» የሚል ከእናንተ መካከል ብዙ እንዳለ አልጠራጠርም። ቁጥር ተብሎ ቃል የሚሰጥበት ቢሮ! «አዲስ» በተባለ ቤት ውስጥ ተወልዶ፣ ተምሮ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ያገባ ሰው አውቃለሁ። ቤቱ አርጅቶ ጣራው ሁለቴ ተቀይሯል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ዛሬም አዲስ ነው።

«እንደ አውሮፓ የመንገድ ስም ስለሌለን ነው» የሚሉ ምሁራን አሉ። ስም አለን። አፍሪካ ጎዳና የሚባል መንገድ አለ፤ ሕዝቡ ቦሌ መንገድ ነው የሚለው። በአፍሪካ አገሮች የተሰየሙ ብዙ ጎዳናዎች አሉን፤ ታክሲ ውስጥ ገብታችሁ በስማቸው ውረዱ ብላችሁ ሞክሩ። ነገር ግን ስም የግድ አይደለም። ጃፓንን ተመልከቱ። አብዛኛው የጃፓን መንገድ ስም የለውም። የቤቶቹም ቁጥር ጥንት እንደ እኛው በመሬት መዝገብ ቅደም ተከተል የተሰጠ ስለነበር ከ5 ጎን 120 ይገኝ ነበር። እነሱ ምን አደረጉ? በ1962 እ.ኤ.አ. የመኖሪያ አድራሻ ሕግ አወጡ፣ ከተሞቻቸውን በብሎክ ከፋፈሉ፣ ቤቶቹን በቅደም ተከተል ቆጠሩ፣ የሰፈሩን ካርታ በየሰፈሩ የፖሊስ ጎጆ ውስጥ አስቀመጡ። ሰው ቦታው ቢጠፋው እንኳ የመብራት ምሰሶው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቦ ለአምቡላንስ ይናገራል። ከረሜላና ለስላሳ የሚሸጡ ማሽኖች ላይ ሳይቀር የቦታው አድራሻ ተለጥፏል። ምሰሶ እኛም አለን። የማኅበረሰብ ፖሊስ ጎጆም አለን። ብሎክና የቤት ቁጥር ደግሞ ኮንዶሚኒየሞቻችን ላይ በትልቁ ተጽፎ እየሠራ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ጓደኛችሁን ቤት ለማግኘት ስንት ጊዜ ጠፍታችኋል?

አለመቻል አይደለም። በ2015 የከተማው አስተዳደር የጣራና ግድግዳ ግብርን ሲያሻሽል ለየትኛው ቤት ስንት እንደሚደርስ ተለይቶ ታውቋል። የመብራት ቆጣሪ የሚያነቡት ሰዎች ጭጋግ አይሉ ጭቃ አይሉ፣ ግቢያችንን ያውቁታል። ፖሊዮ የሚከትቡት ልጆች በየበራችን መጥተው በጠመኔ ምልክት አድርገው ይሄዳሉ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ እነሱ የማያገኙት ቤት የለም። ምርጫ ሲደርስ ደግሞ ማን እንደሚፈልገን ታውቃላችሁ። አሁን ፋይዳ የሚባል ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ሰጥተውናል፤ ማን እንደሆንኩ ዓለም ያውቅልኛል፣ የት እንደወደቅኩ ግን የሚያውቅልኝ የለም።

በዚሁ በእንጦጦ ተራራ ላይ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? የሕዋ ምልከታ ማዕከሉ አለ። እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ETRSS-1 የመሬት ምልከታ ሳተላይት ናት፤ መቆጣጠሪያ ጣቢያዋም እዚሁ ነው የተተከለው። በዚህ እኮራለሁ፣ አላፌዝም። ነገር ግን ከአንድ ተራራ ላይ ሆነን የሩቅ ኮከብን አቀማመጥ በትክክል እየለካን፣ በዚያው ተራራ ላይ የእማማን በር የሚያገኝ ወረቀት ካልነበረን፣ ያጣነው ዕውቀት እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

በምልክት ነው የምንኖረው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማዋ «እከሌ ሰፈር» እየተባለች ነው የተመሠረተችው፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ራስ መኮንን ድልድይ። አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 እዚህ እንጦጦ ማርያም ሲነግሡ ማንም የቤት ቁጥር አላስፈለገውም፤ ሁሉም የሁሉን ደጅ ያውቅ ነበር። ምልክቱ እስካለ ድረስ ይህ አሠራር ይሠራል። ከመጋቢት 2016 ወዲህ ግን የኮሪደር ልማቱ ምልክቶቻችንን በየተራ እያነሣ ነው። ዶሮ ማነቂያ የለም። «ከፋርማሲው ዝቅ ብሎ» የነበረው ፋርማሲው ፈርሷል፣ «የቀይ በሩ ግቢ» በሩ ግራጫ ተቀብቷል፤ ሰዎቹም ገላን ጉራና ሌላ ሌላ ቦታ ሄደዋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፤ ይህን ለመካድ ዕውር መሆን ያስፈልጋል። ምልክትን የምታፈርስ ከተማ ግን በምትኩ ቁጥር መስጠት ነበረባት። መብራቱን የተከሉ እጆች ከመብራቱ ሥር አንዲት ቁጥር መለጠፍ ምን ያህል ይከብዳቸው ነበር?

መንገድ ራሱ የአድራሻ አካል እንደሆነ መርካቶ አስተምሮናል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ሸማ ተራ ሲቃጠል ቦታው የት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም፤ አገር ሁሉ ያውቀዋል። እሳቱን ለመቆጣጠር ያስቸገረው የመንገዱ መጣበብና የሱቆቹ መጠጋጋት እንደነበረ የከተማው አስተዳደር ራሱ ተናግሯል። እንግዲህ የታወቀው መርካቶ እንዲህ ከሆነ፣ በእኛ ቅያስ ውስጥ እሳት ቢነሣ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ላይ አንዱ የድንጋይ ክምር፣ ሌላው የተሰበረ ሚኒባስ አቁሞበታል።

ቁጥሮቹ ራሳቸውስ? ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለእሳትና አደጋ 939፣ ለጠብታ አምቡላንስ 8035። በኮሮና ጊዜ 8335 ተጨመረ። አሁን ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሰዎች፣ ወደ ላይ ሳትመለሱ እሳት አደጋን ድገሙልኝ። እንግሊዞች 999ን የጀመሩት በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። ምክንያቱ ከሁለት ዓመት በፊት ለንደን ውስጥ ዊምፖል በሚባል ጎዳና የተነሣ ቃጠሎ ነው፤ አምስት ሴቶች ሞቱ። እሳቱን ያየ አንድ ጎረቤት ቢደውልም የስልክ ማዞሪያው ከሌላው ተራ ጠያቂ ጋር ወረፋ አስይዞ አቆየው። ሰውየው ተናደደና ለታይምስ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ። መንግሥት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ፣ አንድ አጭር ቁጥር ተወለደ። አሜሪካኖች በ1968 እ.ኤ.አ. 911ን ጀመሩ፤ አውሮፓ በ112 ተስማማ። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ እንግሊዝ አገር ለአደጋ ቁጥር ስትደውል ስልክህ ራሱ ያለህበትን ቦታ የሚልክበት አሠራር መጥቶ ወደ ብዙ አገር ተዛምቷል። እኛ ጋ ያን ሌሊት የነበረው ምላስ ብቻ ነው፤ ምላስ ደግሞ ሲደነግጥ «በባሕር ዛፉ በኩል» ይላል።

«ሎኬሽን ላክላቸዋ!» የምትሉኝ ወጣቶች አላችሁ። ለራይድ ሾፌር እንልካለን፤ እሱም ደርሶ «የት ጋ ነህ?» ብሎ ይደውላል። ፒኑ አስፋልቱ ላይ ያደርሳል፣ ቅያሱ ውስጥ ይጠፋል። የእማማ ስልክ ደግሞ ባለ ቁልፍ ቀላል ስልክ ነው። ሾፌሩ በራሱ ቁጥር ከደወለላችሁ በቴሌግራም ላኩለት፣ ይጠቅማል፤ ግን እንደ መድኃኒት ሁሉ አትመኩበት።

አሁን ወደ እኛ።

ከእማማ ሕመም ሁለት ሳምንት በኋላ በመንደራችን አንድ አባት ዐረፉ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ። ጡሩንባ ነፊው ያለ ስልክ፣ ያለ ካርታ፣ በጭጋግ ውስጥ እያንዳንዱን የእድርተኛ በር ያውቃል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ቆመ፣ ወንበሩ ተደረደረ፣ ብረት ድስቱ ተጣደ። ከሩቅ የሚመጣው ለቀስተኛ እንዳይጠፋ ተብሎ አስፋልቱ ላይ አንድ ልጅ ቆሞ ነበር። ልብ በሉ፤ ለለቀስተኛ ጠቋሚ እናቆማለን! እኔ ያን ልጅ ሳየው ሆዴ ተላወሰ። ያ ልጅ ከሁለት ሳምንት በፊት በሌሊት ቆሞ ቢሆን ኖሮ አምቡላንሱ ሦስቴ አያልፈንም ነበር። እኛ መደራጀት የማንችል ሕዝብ አይደለንም፤ የምንደራጀው ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ሌላም ነውር አለብን። ልጅ ሲያለቅስ ስልክ እንሰጠዋለን፣ ልጁ 939 ይጫናል። ጫት ላይ የተሰበሰበ ጎረምሳ ስልክ የምታነሣዋን ሴት ሊያሽኮረምም 991 ይደውላል። የሐሰት ጥሪ የሚያስቸግራቸው ሰዎች እውነተኛውንም «እርግጠኛ ነህ?» ብለው ቢጠይቁ ምን ይገርማል? ያን ጥያቄ የሰማ ደግሞ ተናዶ ይሳደባል፣ ስልኩን ይዘጋል። ስልክ ተቀባይዋ ስትጠይቅህ መኪናው እንዳይነሣ እያዘገየችህ አይደለም። የት እንደምትልከውና ምን ይዞ እንደሚመጣ እያወቀች ነው።

ያን ሌሊት ከሠራሁት ስሕተት የተማርኩትን ልንገራችሁ። ስልኩ ሲነሣ መጀመሪያ ቦታውን ተናገሩ፣ ከዚያ ምን እንደሆነ። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ የሚመጡበትን ያውቃሉ። ቦታውን ከሰፊው ወደ ጠባቡ አውርዱት፤ ጉለሌ፣ ወረዳው፣ እንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ቅያሱ። «ግራ» እና «ቀኝ» ብቻቸውን ዋጋ የላቸውም፤ «ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ሲመጣ በግራ» ነው መባል ያለበት። በሌሊት የበር ቀለም አይታይም፣ ስለዚህ ቀለም አትጥሩ። ታማሚው ይተነፍሳል ወይ፣ ይናገራል ወይ፣ ስንት ሰው ተጎዳ፣ እነዚህን መልሱ። እሳት ከሆነ የመንገዱን ስፋትና ግቢው ውስጥ የጋዝ ሲሊንደር መኖር አለመኖሩን ሳትጠየቁ ተናገሩ። ስልኩን እነሱ ሳይዘጉ አትዝጉ። አንድ ሰው ብቻ ይደውል፤ በአንድ ጉዳይ ሦስት ሰው ሲደውል ምን እንደሚመጣ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። የደወለው ሰው ስልክ ደግሞ ለሾፌሩ ክፍት ይሁን፤ አሜሪካ ላለች እኅት መርዶ መንገሪያ ሰዓቱ አይደለም። አንድ ሰው መብራት ይዞ አስፋልቱ ላይ ይውጣ፤ ሾፌሩ ሊስተው የማይችለውን ቦታ አስቀድማችሁ ምረጡ፣ በእኛ በኩል የቤተ ክርስቲያኑ ዋና በር ነው። ውሻውን እሰሩ፣ በሩን ክፈቱ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎቻችን እንረሳለን። ቀን ቀን ቤታችን ውስጥ ያለው ማነው? ልጆቻችን፣ አረጋዊ ወላጆቻችን፣ ከገጠር ከመጣች ሦስት ወር ያልሞላት የቤት ሠራተኛ። እሷ እሳት ቢነሣ ምን ብላ ነው የምትናገረው? «እትዬ ቤት» ነው የምትለው፤ ለእሷ አድራሻው እሱ ነው። የመብራት ማብሪያው አጠገብ በትልቁ ጻፉና ለጥፉላት፤ ቁጥሮቹን ሦስቱንም፣ ከሥር ደግሞ ስልክ ላይ የምታነበውን አድራሻ። ማንበብ ካልቻለች አስጠኗት፣ እንደ አባታችን ሆይ።

ይህ ሁሉ ግን አስተዳደሩን ነፃ አያወጣውም። የሰፈር ሰው ጠቋሚ ሊያቆም ይችላል፤ ለከተማ ቁጥር መስጠት፣ አራቱን ስልክ አንድ ማድረግና የአምቡላንስ ሾፌር እጅ ላይ ካርታ ማስቀመጥ ግን የመንግሥት ሥራ ነው። ግብሩን የከፈልንበት ደረሰኝ ላይ የቤት ቁጥር አለ። ያንኑ መዝገብ ለ907 እና ለ939 ማጋራት አዲስ ጥናት፣ አዲስ ኮሚቴ፣ አዲስ የቢሾፍቱ ዎርክሾፕ የሚፈልግ ነገር አይደለም።

ባለፈው የእድር ስብሰባ ላይ ሐሳቡን አነሣሁ። በየበሩ ቁጥር ይጻፍ፣ በየቅያሱ መግቢያ ሰሌዳ ይቁም፣ ለሌሊት ጠቋሚነት ተረኛ ይመደብ አልኩ። ሊቀ መንበሩ «ልጄ፣ ይኼ የመንግሥት ሥራ ነው» አሉኝ። አንድ ጋሼ ብድግ ብለው «ቁጥር በጉልህ ከለጠፍን ግብር ይጨምሩብናል» አሉ፤ ሰው ሳቀ፣ ግማሹ ግን የምሩን ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ እነሱማ አግኝተውን ጨርሰዋል፤ ያላገኘን አምቡላንሱ ነው» ብዬ መለስኩ። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ። ከዚያ የድንኳኑ ሸራ ተቀዷልና አዲስ ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ በአሥር ደቂቃ ጸደቀ።

የእማማ ልጅ ስብሰባው ሲያልቅ ምንም ሳይናገር ወጣ። በማግስቱ አንድ ጣሳ የዘይት ቀለምና ብሩሽ ገዝቶ፣ በራቸው ላይ የእጅ መዳፍ በሚያህል ነጭ ቁጥር 87 ብሎ ጻፈ። ሦስት ቤት ተከተለው። ቀለሙ ስለተረፈ የእኔንም በር ሊጽፍልኝ ቃል ገብቷል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። ትክክለኛ ቁጥሬን ለማወቅ ሐሙስ ዕለት ወረዳ ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ መዝገቡን ገልጣ፣ ጣቷን በመስመሩ ላይ አውርዳ፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«አዲስ ነው የሚለው» አለችኝ።